ቡድን ሲጨመር ችሎታ ያልቃል ወይ?

በዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን ከነገሥታትና ከጦርነት ታሪክ ወጣ ብሎ ወደ ስፖርት ሜዳ ጎራ ይላል። ለምን ብትሉ ምክንያት አለን።

ባለፈው ወር የካምፓችንን የቅርጫት ኳስ ውድድር ለመጀመር ስብሰባ ተቀምጠን ነበር። እስካሁን የሚጫወቱት ስድስት ቡድኖች ናቸው። ዘንድሮ ግን ሁለት ቡድኖች "እኛም እንግባ" ብለው ተመዘገቡ። አንደኛው በቅርቡ የመጡ ልጆች ያቋቋሙት ሲሆን ሁለተኛው ከማታ ተማሪዎች የተውጣጣ ነው። ወዲያው ክርክር ተነሳ። ከነባሮቹ አንዱ ብድግ አለና "ጥሩ የሚጫወት ሰው እኮ ቢቆጠር ሃያ አይሞላም። ለስድስቱም የተብቃቃው በግድ ነው። ስምንት ማድረግ ማለት ወጡ ላይ ውሃ መጨመር ነው" አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ድምፅ እንስጥ ሲባል ብዙ እጅ በተቃውሞ ወጣ። እውነቱን ለመናገር የኔም እጅ አብሮ ወጥቷል። በመጨረሻ ግን ስላልተስማማን ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጠረ።

ስወጣ ከአዲሶቹ ልጆች አንዱ በር ላይ ጠብቆ "ቲቸር፣ ስንጫወት ሳታዩን እንደማንችል በምን አወቃችሁ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ይኸው ክርክር በዓለም ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ ውስጥም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲነሳ የኖረ መሆኑ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ታሪኩን አብረን እንመልከተው። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ17 ወደ 8

ኤን ቢ ኤ የሚባለው የአሜሪካ ሊግ በ1946 በ11 ቡድኖች ተመሠረተ። ያን ጊዜ ስሙ ሌላ ነበር። በ1949 ከተፎካካሪው ሊግ ጋር ሲቀላቀል በአንድ ጊዜ 17 ቡድን ሆነ። ታዲያ ብዙም አልቆየ። ቡድኖቹ አንድ በአንድ እየፈረሱ በ1954/55 የውድድር ዘመን 8 ብቻ ቀሩ።

"ቡድን ሲበዛ ይፈርሳል" ለሚሉ ሰዎች ይህ ጥሩ ማስረጃ ይመስላል። ነገር ግን የፈረሱበትን ምክንያት ስናይ የጎደለው ተጫዋች አልነበረም፤ ተመልካችና ገንዘብ ነበር። ከፈረሱት ብዙዎቹ የትንንሽ ከተሞች ቡድኖች ስለነበሩ የትኬት ገቢያቸው ለደሞዝና ለጉዞ አልበቃቸውም። ጨዋታውም ራሱ አሰልቺ ነበር። የሚመራው ቡድን ኳሱን ይዞ ሰዓት ይገድል ነበር። በ1954 "ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ መወርወር አለበት" የሚል ሕግ ሲወጣ ነው ጨዋታው ነፍስ የዘራው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥሩ ተጫዋች ከደጅ ቆሞ ነበር። ሊጉ እስከ 1950 ድረስ አንድም ጥቁር አሜሪካዊ አላሰለፈም። አይችሉም ተብሎ ነው እንዳይባል፣ የጥቁሮች ቡድን የነበረው ሃርለም ግሎብትሮተርስ በ1948 በዘመኑ ኃያል የነበረውን ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 61 ለ 59 አሸንፎ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ደገመው። በ1950 ቹክ ኩፐር፣ ናት ክሊፍተንና ኧርል ሎይድ በሩን ከፍተው ገቡ። ከዚያ በኋላ በ1956 ቢል ራስል፣ በ1959 ዊልት ቻምበርሌን መጡ። ራስል ከቦስተን ጋር በ13 ዓመት ውስጥ 11 ጊዜ ዋንጫ በላ። እነዚህ ሰዎች በ1950 ድንገት ከሰማይ አልወረዱም። ቀድሞም ነበሩ፤ የሚቆጥራቸው ነው ያልነበረው።

ከ8 ወደ 30

በ1960/61 ሊጉ አሁንም 8 ቡድን ነበር። በ1961 ዘጠነኛው ተጨመረ፤ በ1970 ቁጥሩ 17 ደረሰ። በመሐሉ፣ በ1967፣ ኤ ቢ ኤ የሚባል ሌላ ሊግ ተቋቋመ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ባለው ኳስ ይጫወት የነበረው ነው። በ1970/71 የሁለቱ ሊጎች ቡድኖች ሲደመሩ 28 ሆኑ። ልብ በሉ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ8 ወደ 28! "ይህን ሁሉ ቡድን የሚሞላ ሰው ከየት ይመጣል?" ማለት ያን ጊዜ ነበር።

የሆነውን እንይ። በ1976 ኤ ቢ ኤ ሲፈርስ አራት ቡድኖቹ ወደ ኤን ቢ ኤ ተዛወሩና ቁጥሩ 22 ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በተደረገው የኮከቦች ጨዋታ ላይ ከተመረጡት 24 ተጫዋቾች 10ሩ ከፈረሰው ሊግ የመጡ ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ ናቸው ሲባሉ የኖሩት ሰዎች ከኮከቦቹ ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት ቀራቸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በ1980፣ በ1988፣ በ1989፣ በ1995ና በ2004 ቡድን እየተጨመረ ሊጉ 30 ደረሰ።

አዲስ ቡድን ይሸነፋል፤ ከዚያስ?

ተቃዋሚዎቹ ጭራሽ ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። አዲስ ቡድን በመጀመሪያው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ መሸነፉ አይቀርም። ማያሚ በ1988 ሲገባ የመጀመሪያዎቹን 17 ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፈ፤ ዓመቱንም በ15 ድልና በ67 ሽንፈት ጨረሰ። በ1995 የገባው የካናዳው ቫንኩቨርም ልክ እንደዚሁ 15 አሸንፎ 67 ተሸነፈ። እንዲያውም ቫንኩቨር ሳይቀናው በ2001 ቡድኑ ወደ አሜሪካዋ ሜምፊስ ተዛወረ።

የሚሸነፉበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። አዲስ ቡድን ሲገባ ነባሮቹ ምርጥ ተጫዋቾቻቸውን መርጠው "እነዚህ አይነኩም" ይላሉ፤ በ2004 ለምሳሌ እያንዳንዱ ቡድን ስምንት ሰው ማስቀረት ይችል ነበር። አዲሱ ቡድን የሚመርጠው ከተረፉት ነው። ከትርፍራፊ የተሰበሰበ ቡድን በመጀመሪያው ዓመት ቢሸነፍ ምን ይገርማል?

ነገር ግን ከነዚያ ትርፍራፊ ከተባሉት ውስጥ ጄራልድ ዋላስ ነበረበት። በሳክራሜንቶ ቡድን ወንበር ሲያሞቅ የኖረ፣ በአንድ ጨዋታ አሥር ደቂቃ እንኳን የማይሞላ ጊዜ የሚሰጠው ልጅ ነበር። በ2004 አዲሱ የሻርሎት ቡድን ወሰደውና አጫወተው። በ2010 የኮከቦች ጨዋታ ላይ ተሰለፈ። ሰውየው ያው ሰውዬ ነው፤ የተለወጠው የተሰጠው ቦታ ነው። ማያሚስ ቢሆን? በ2006፣ በ2012ና በ2013 ዋንጫ በልቷል። ከቫንኩቨር ጋር በአንድ ዓመት የገባው ቶሮንቶ በመጀመሪያ ዓመቱ 61 ጊዜ ቢሸነፍም በ2019 ሻምፒዮን ሆኗል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ለካስ ለዚህም ኖሯል።

ሂሳቡን እንሥራው

የሒሳብ ተማሪዎች ብዕራችሁን አንሡ። በ1954 ሊጉ 8 ቡድን ሲሆን እያንዳንዱ ወደ 10 ሰው ቢይዝ 80 ቦታ ነበር ማለት ነው። የአሜሪካ ሕዝብ ያን ጊዜ ወደ 160 ሚሊዮን ስለነበር ከሁለት ሚሊዮን ሰው አንድ ይገባል ማለት ነው። አሁን 30 ቡድን በ15 ሲባዛ 450 ይመጣል። የአሜሪካ ሕዝብ ወደ 340 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ከ760 ሺህ ሰው ገደማ አንድ ይገባል። እንዲህ ሲሰላ የተቃዋሚዎቹ ነገር ልክ ይመስላል፤ በወጡ ላይ ውሃ ተጨምሯል።

ስህተቱ የት ጋ ነው? አሜሪካንን ብቻ መቁጠሩ ላይ ነው። በ1984 ናይጄሪያዊው ሃኪም ኦላጁዋን ከአዳዲስ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። በ1985 ሱዳናዊው ማኑት ቦል ተከተለው። በ1991 ከኮንጎ ዲኬምቤ ሙቶምቦ መጣ። በ2024/25 የውድድር ዘመን መክፈቻ ላይ ከአሜሪካ ውጭ ከ43 አገሮች የመጡ 125 ተጫዋቾች ነበሩ። ከ2019 እስከ 2025 የዓመቱ ኮከብ ተብለው የተሸለሙት በሙሉ ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ናቸው፤ የግሪኩ ያኒስ አንቴቶኩንፖ፣ የሰርቢያው ኒኮላ ዮኪች፣ ካሜሩን የተወለደው ጆኤል ኤምቢድና የካናዳው ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር። ዮኪች በ2014 ሲመረጥ 41ኛ ነበር። በዚያን ዕለት 40 ሰው ከሱ ይበልጣል ተብሎ ነበር ማለት ነው።

የያኒስ ነገር ለኛ የተለየ ትርጉም አለው። ወላጆቹ ከናይጄሪያ የተሰደዱ ናቸው። አቴንስ ተወልዶ ያደገው ወረቀት ሳይኖረው፣ መንገድ ላይ ዕቃ እየሸጠ ነው። የግሪክ ዜግነት ያገኘው በ2013 ነው፤ ኤን ቢ ኤ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። ወረቀት የሌለው ሰው በማንም ሂሳብ ውስጥ አይገባም። የሰው ልጅ ችሎታ ሲቆጠር ስንት እንደዚህ ያለ ሰው ይዘለላል?

ሲያትል በ2008 ቡድኗን ካጣች ወዲህ ስሟ ከላስ ቬጋስ ጋር ለአዲስ ቡድን ሲነሳ ቆይቷል። ሁለት ቡድን ቢጨመር 30 ቦታ ነው። ለዓለም 8 ቢሊዮን ሕዝብ 30 ቦታ! ለኔ አያሰጋም።

በሴቶቹ ሊግ ደግሞ ነገሩ ይብስ ግልጽ ነው። እስከ 2024 ድረስ 12 ቡድን ብቻ ስለነበር 144 ቦታ ነበር ያለው። በ2025 ጎልደን ስቴት ቫልኪሪስ 13ኛ ሆኖ ሲገባ ሌሎቹ ካላስቀሯቸው ተጫዋቾች ተሰብስቦ በመጀመሪያ ዓመቱ ከግማሽ በላይ ጨዋታውን አሸነፈ፤ ለጥሎ ማለፉም ደረሰ። ከነዚያው ተጫዋቾች አንዷ ቬሮኒካ በርተን በዓመቱ ከሁሉ የበለጠ መሻሻል ያሳየች ተብላ ተሸለመች። የኛን ካምፕ ሴቶች ልጆችስ ማን ቆጥሯቸው ያውቃል?

የይድነቃቸው ተሰማ ክርክር

ይህ ጥያቄ የአሜሪካኖች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእግር ኳስ በኩል ይህንኑ ክርክር ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረው የኛው ሰው ነው፤ ይድነቃቸው ተሰማ።

የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 ካርቱም ላይ ሲጀመር የተጫወቱት ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ወጥታለች። ግብፅ በፍጻሜው ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ አዲስ አበባ ላይ ይድነቃቸው ያሠለጠነው፣ ሉቻኖ ቫሳሎ በአምበልነት የመራው ቡድናችን ያችኑ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ።

ለዓለም ዋንጫ ግን አፍሪካ የራሷ ቦታ አልነበራትም። ለ1966ቱ ውድድር ከ16ቱ ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድ ላይ የተሰጠው አንድ ብቻ ነበር። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ከፊት ሆነው ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። መልሱ ያው የምናውቀው ነበር፤ ደረጃው ይወርዳል የሚል። በ1970 አንድ ቦታ ተሰጠ። በ1974 ዛየር በዩጎዝላቪያ 9 ለ 0 ስትሸነፍ "አላልናችሁም?" ያሉ ብዙ ነበሩ። እንደ ማያሚ 17 ሽንፈት ማለት ነው። ግን ደግሞ በ1978 ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 አሸነፈች። በ1982 ቦታው ሁለት ሲሆን አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረታች፤ ካሜሩንም ሳትሸነፍ ተመለሰች። ይድነቃቸው ከ1972 ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲታገል ቆይቶ በ1987 ሲያርፍ ካሜሩን በ1990 ሩብ ፍጻሜ ስትደርስ አላየም። ሞሮኮ በ2022 አራተኛ ስትወጣም አላየም። ለ2026ቱ ውድድር ለአፍሪካ 9 ቀጥተኛ ቦታ ተሰጥቷል፤ ከግማሽ ሚሊዮን እምብዛም የማይበልጥ ሕዝብ ያላት ኬፕ ቨርድ እንኳን አልፋለች።

ታዲያ እዚህ ላይ ራሳችንንም እንጠይቅ። ኢትዮጵያ በ1962 የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች፤ ከ1982 በኋላ ግን ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እስከ 2013 ድረስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። በሩ ለሌሎች ሲሰፋ ለኛም ሰፍቶ ነበር። ነገር ግን በር መከፈቱ ብቻውን አያስገባም። ልጅ የሚያሠለጥን፣ ሜዳ የሚጠርግ፣ ከዓመት ዓመት የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ቦታ መስጠት መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም።

ከካምፕ የወጡት

አሁን ወደራሳችን ቀረብ እንበል። ሉኦል ዴንግ በ1985 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ዋው ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ተሰደደ፤ እዚያ ከቅርጫት ኳስ ጋር ያስተዋወቀው ማኑት ቦል ነው። ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ አሜሪካ ሄዶ ሁለት ጊዜ የኮከቦች ጨዋታ ላይ ተሰለፈ። በኋላ ግን ወደ አገሩ ዞሮ የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽንን መራ። ቤት ውስጥ የሚጫወቱበት ሜዳ እንኳን ሳይኖራቸው በ2023 ለዓለም ዋንጫ፣ በ2024 ለፓሪስ ኦሊምፒክ አለፉ። ከኦሊምፒኩ በፊት ለንደን ላይ ከአሜሪካ ጋር ተጫውተው 101 ለ 100 ተሸነፉ፤ በአንድ ነጥብ! ፓሪስ ላይ አዘጋጆቹ ተሳስተው የሱዳንን መዝሙር አሰሙባቸው። እነሱ ግን ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፉ።

በዚያ ቡድን ውስጥ ኑኒ ኦሞት የሚባል ልጅ ነበር። ስሙን ስትሰሙ የጋምቤላ ሰው ትዝ አይላችሁም? ቤተሰቡ ከኢትዮጵያ የተሰደደ ነው፤ እሱ በ1994 እዚሁ ኬንያ ተወለደ። ከዚያ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገቡ። በ2021 የተጀመረው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ 12 ቡድኖች አሉት። በ2023 የግብፁ አል አህሊ ዋንጫውን ሲወስድ የውድድሩ ኮከብ የተባለው ኑኒ ኦሞት ነው። ሊጉ ባይቋቋም ኖሮ ያ ሽልማትም አይኖርም ነበር። በ2025 ናይሮቢ ሲቲ ተንደር ከኬንያ የመጀመሪያው ክለብ ሆኖ በዚሁ ሊግ ተሳትፏል።

እንግዲህ የኛ ጉዳይ

ሞያሌ አዲስ መጪ ማየት ብርቋ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ አካባቢ በዋልዳ ስደተኞች ሰፍረው ነበር። በመጋቢት 2018 ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከወዲያኛው ሞያሌ ወደዚህኛው ተሻግሯል። ሁልጊዜም ቀድሞ የመጣው "ቦታው እኮ ሞልቷል" ይላል። እኔም ያን ቀን እጄን ሳወጣ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ችሎታ ግን ወጥ አይደለም። የቦረናን ኤላ ያየ ያውቃል፤ ውሃው የሚወጣው ሰዎች ወርደው፣ ተደራርበው ቆመው፣ እየተቀባበሉ ሲቀዱት ነው። ከላይ ሆኖ አጮልቆ "ደርቋል" ያለ ሰው ከብቶቹን በጥም ይፈጃል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ሦስት ነገርም አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ስምንቱም ቡድኖች ይግቡ፤ በሁለት ምድብ አራት አራት ሆነው ይጫወቱ። ሁለተኛ፣ ከስድስቱ ነባር ቡድኖች እየተፈራረቀ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን አዲሶቹን ያሠልጥን፤ በር ከፍቶ መተው እንዳይሆን። ሦስተኛ፣ የሴቶች ልጆች ምዝገባ ይጀመር፤ ስንት ናቸው የሚለውን ከተመዘገቡ በኋላ እንነጋገራለን። አዲሶቹ መጀመሪያ ላይ በሰፊ ነጥብ ሊሸነፉ ይችላሉ። ያን ጊዜ "አላልኩም?" የሚል ሰው ቢመጣ የማያሚን 17 ጨዋታ እንነግረዋለን።

በር ላይ ለጠየቀኝ ልጅም መልሴ ይኸው፤ እንደማትችሉ አላወቅንም ነበር። ሳናይ ነው የተናገርነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. በ1949 እና በ1954 መካከል የአሜሪካ ሊግ ቡድኖች የቀነሱበት ዋና ምክንያት ምን ነበር? በኛ ውድድር ላይስ ያለው ችግር የተጫዋች ነው ወይስ የሌላ ነገር?

2. 32 ቡድን በ15 ተጫዋች ቢባዛ ስንት ቦታ ይሆናል? የዓለም ሕዝብ 8 ቢሊዮን ቢሆን ከስንት ሰው አንድ ይገባል?

3. በሠፈራችሁ "አይችልም" ተብሎ በኋላ ችሎ የታየ ሰው ታውቃላችሁ? ምን ዕድል አገኘ? ጽፋችሁ አምጡልን።